የሕፃናትን ራስ በመንገድ ላይ ስለ መጠበቅ

ከወልድያ ወደ ኮቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሮቢትን ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን የጭነት መኪናው፥ ባጃጁ፥ ግመሉና እግረኛው በዚሁ መንገድ ተጋፍተው ይተላለፋሉ። በመካከላቸውም አባት ሞተር ሳይክል ሲነዳ አንዱ ልጅ ከፊቱ፥ እናትም ሕፃን አዝላ ከኋላው ተቀምጠው ሲያልፉ ማየት ብርቅ አይደለም። ከእነርሱ መካከል ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቁር የደፋ ቢገኝ አባቱ ብቻ ነው። ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ባዶውን ስለ ቀረው ስለ ልጆቹ ራስ ነው።

የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ከትልቅ ሰው ይልቅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ልጅ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀድማል። የራስ ቅሉም ስስ ነው፤ በውስጡ ያለው ልስልስ አንጎል በግጭት ጊዜ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። የራስ ቁር ጠንካራው ቅርፊት ምቱን ይበትናል፤ የውስጡ ገበርም እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይቀበላል።

ይህ ጥቅሙ በጥናት የታወቀ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሎረንስ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ወታደርና ጸሐፊ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ወደቀ፤ ቁር አልደፋም ነበርና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ጉዳዩን ሲመረምር ቆይቶ በ1934 ዓ.ም. ቁር የሰውን ሕይወት እንደሚያድን በጽሑፍ ገለጠ፤ የብሪታንያም ጦር ለሞተረኞቹ ግዴታ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ደግሞ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን አስታውቋል።

አንዳንዶች «ቀኑ ያልደረሰ አይሞትም» ይላሉ። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ ሰው እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። እንግዲህ ጥንቃቄ የእምነት ማነስ አይደለም። ሌሎችም የቆላውን ሙቀት ምክንያት ያደርጋሉ፤ ላብ ግን በውኃ ይታጠባል፥ የተጎዳ አንጎል ግን እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ቁር ስትገዙ በልጁ ራስ ልክ ይሁን፤ የአባት ቁር በልጅ ራስ ላይ ይዞራል። ማሰሪያውን ከአገጩ በታች አጥብቁ፤ ያልታሰረ ቁር በመውደቅ ጊዜ ወልቆ ይቀራል። በአደጋ የተመታ ቁር ዳግመኛ አያገለግልም። ልጅ ራሱን ተመትቶ ካስታወከ፥ ከፈዘዘ፥ እንቅልፍ ከበዛበት፥ ከተንቀጠቀጠ፥ ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ፥ «ተኝቶ ይሻለዋል» አትበሉ፤ አንገቱ እንዳይናወጥ ደግፋችሁ ፈጥናችሁ ኮቦ ወይም ወልድያ ሆስፒታል አድርሱት።

ለአንድ ቁር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው አባት ለብቻው ሲሄድ ሞተሩን ይንዳ፤ ከልጁ ጋር ሲሆን ግን በእግሩ ይሂድ። ከገበያ ዘግይቶ መድረስ ጉዳቱ ቀላል ነው።