«ጭማቂ እኮ ነው!»፦ ቤት ውስጥ የሩም ኮክቴል ለምትሠሩ



የዛሬው ጽሑፍ መነሻው የሌላ ሰው ስህተት አይደለም፤ የራሴ ጥፋት ነው። ባለታሪኩ «ጻፈው፣ ሌላ ሰው ይማርበት» ብሎ ፈቅዶልኛል። ስሙን ግን አልጠቅስም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጓደኛችን ከውጭ ሲመለስ ሦስት ጠርሙስ ሩም ይዞ መጣ። አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠርሙሱ ላይ 75.5% የሚል የተጻፈበት። ቅዳሜ ማታ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ተሰባሰብን። አንዱ ስልኩ ላይ የኮክቴል አሠራር ቪዲዮ ከፈተ። «ዶክተር ልኬት ያውቃል፣ እሱ ይቀላቅል» ተባለና ብሌንደሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ሦስቱም ሩም፣ አናናስ፣ ሎሚ፣ የቀረፋ ሽሮፕ፣ ብዙ በረዶ። ቀለሙ ያምራል፣ ሽታው ቤቱን አወደው።

ከመካከላችን ትልቁ የጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ቢራ አይወድም፣ ውስኪ «ጉሮሮ ይፍቃል» ይላል። ይሄን ቀመሰና ሳቀ። «ይሄማ ጭማቂ እኮ ነው!» ሁለተኛውን ብርጭቆ እኔው ቀዳሁለት። እራት ገና አልቀረበም ነበር።

ለማክመው ሰው ሁሉ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ማታ ግን ቀጂ ሆኜ ነበርና አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ባለቤቱ ደወለች። «ዶክተርዬ፣ ትናንት በጣም ነው እንዴ የጠጣው? ብቀሰቅሰው በደንብ አይነቃም፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ የሚያወራው አይገባኝም። ስካሩ አልወጣለትም መሰለኝ፤ ይተኛ ብዬ ልተወው?»

መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «የስኳር ኪኒኑን ነዋ! ማታም እንደገባ ውጧል» አለችኝ። ያኔ ነው እኔም ላብ በላብ የሆንኩት። ደግነቱ ቤታቸው የስኳር መለኪያ አለ። ጣቱን ወግታ ስትለካው 38 አለ። ጤናማ ሰው ሳይበላ ሲያድር እንኳ 70 እና ከዚያ በላይ ነው የሚሆነው። ከ54 በታች ከወረደ የአንጎል ሥራ መታወክ የሚጀምርበት አደገኛ ደረጃ ነው።

ገና መዋጥ ይችል ስለነበር አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ ደግፋ አስቀምጣ ቀስ እያለች እንድታጠጣው ነገርኳት። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ገባ። የወሰደው ግሊቤንክላሚድ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራና ስኳሩን ደግሞ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ግሉኮስ እየተሰጠው አንድ ቀን ሙሉ ክትትል ተደረገለት። ዛሬ ደህና ነው። ግን «ይተኛ» ተብሎ ተትቶ ቢሆንስ? ይሄን ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ምላሳችን ለምን ተታለለ?

አረቄ ስትጠጡ ጉሮሮ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ያቃጥላል፣ ፊት ያጨማድዳል። ሰው አንዷን መለኪያ ጨርሶ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። የሩም ኮክቴል ላይ ግን ስኳሩ ምሬቱን፣ ሎሚው ማቃጠሉን፣ በረዶው ሽታውን ይሸፍኑታል። አልኮሉ የትም አልሄደም፤ ጠቋሚው ብቻ ነው የጠፋው። ስለዚህ «ቀላል ነው» የሚለው ስሜት ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ አልኮሉ ምንም አይነግራችሁም።

ታዲያ በምን እንለካ? በሒሳብ። ቀመሩ ቀላል ነው፣ ስልካችሁ ላይ ይሠራል፦

ሚሊ ሊትር × የአልኮል ፐርሰንት ÷ 100 × 0.8 = ንጹህ አልኮል በግራም

ለምሳሌ 330 ሚ.ሊ. የሆነ፣ 5% አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። አሁን ያን ማታ እኔ በአንድ ብርጭቆ የቀላቀልኩትን እንመልከት፦

👉 45 ሚ.ሊ. ወርቃማ ሩም (40%) = 14 ግራም
👉 45 ሚ.ሊ. ጠቆር ያለ ሩም (40%) = 14 ግራም
👉 30 ሚ.ሊ. የ75.5% ሩም = 18 ግራም

ድምሩ ወደ 47 ግራም ይጠጋል። በአንድ ብርጭቆ ከሦስት ቢራ ተኩል በላይ ማለት ነው። ጋሼ ሁለት ጠጥቷል፤ ሰባት ቢራ በባዶ ሆድ፣ ያውም «ጭማቂ ነው» እያለ። ጉበታችን በአማካይ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው የሚያስወግደው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መጠጣት ያቆመ ሰው፣ ጠዋት መኪና ሲያስነሳ ገና አልኮል በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ይሄ አቀላቀል የእኛ ፈጠራ እንዳልሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። ቪዲዮው ያሳየን «ዞምቢ» የሚባለውን ኮክቴል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ገደማ ዶን ቢች የሚባል ሰው ሆሊውድ በሚገኘው ቡና ቤቱ የፈጠረው ነው። የሚገርመው፣ ሻጩ ራሱ ለአንድ ደንበኛ ከሁለት ብርጭቆ በላይ አልሸጥም ይል ነበር! እኔ ዶክተሩ ግን ምንም ገደብ አላስቀመጥኩም። ሌላው ታዋቂው «ማይ ታይ» ነው፤ ትሬደር ቪክ እ.ኤ.አ. በ1944 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው። እሱም 60 ሚ.ሊ. ሩምና 15 ሚ.ሊ. የብርቱካን ሊኬር ሲገባበት 24 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ወደ ሁለት ቢራ የተጠጋ።

ስኳሩ ጣፋጭ ጠጥቶ እንዴት ወረደ?

ብዙዎቻችሁ ይሄን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ሳንበላ ስንቆይ፣ ለምሳሌ ሌሊት ስንተኛ፣ ደማችን ውስጥ ያለው ስኳር እንዳይወርድ ጉበት አዲስ ስኳር እየሠራ ይለቃል። አልኮል ሲመጣ ግን ጉበት እሱን ለማስወገድ ይጠመዳል፤ አዲስ ስኳር የመሥራቱ ሥራ ይስተጓጎላል። ጣፋጩ ጭማቂ መጀመሪያ ስኳርን ከፍ ያደርገዋል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ይወርዳል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ መድኃኒት ሲጨመርበት፣ ሆድም ባዶ ከሆነ፣ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ምልክቱ ስካር መምሰሉ ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት። ስለዚህ የስኳር ታካሚ ጠጥቶ እንዲህ ከሆነ «ሰክሮ ነው» አትበሉ፤ መጀመሪያ ስኳሩን ለኩ። መለኪያ ከሌለና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ ወደ ትንታ ገብቶ ሊያፍነው ይችላል።

የግሬፕ ፍሩት ነገር

በብዙ የሩም ኮክቴሎች ውስጥ የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የካናዳ ተመራማሪዎች አልኮል ፌሎዲፒን ከሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ እያጠኑ ነበር። ተሳታፊዎቹ የአልኮሉን ጣዕም እንዳይለዩት በግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ሸፈኑት። ውጤቱ ሲመጣ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ከሚጠበቀው በጣም በዝቶ ተገኘ። ጥፋተኛው አልኮሉ ሳይሆን ለመሸፈኛ የገባው ጭማቂ ነበር! አንጀታችን ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግደዋል፤ ውጤቱም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ለግፊት ኒፌዲፒን፣ ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የምትወስዱ ግሬፕ ፍሩት ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ።

ቤት ስትሠሩ

ሐቁን ልንገራችሁ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ይላል። የማይጠጣ ሰው በዚህ ጽሑፍ እንዲጀምር አልመክርም። ለምትጠጡ ግን እንዲህ አድርጉ፦

✅ በመለኪያ ቅዱ። አረቄ ቤት እንኳ በመለኪያ ነው የሚቀዳው፤ እኛ ቤት ስንሆን በዓይናችን ግምት ከጠርሙስ እናፈሳለን። የመለኪያችሁን መጠን በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ ሞልታችሁ አንዴ አረጋግጡ።

✅ አንድ ዓይነት ሩም፣ 40% የሆነ፣ ለአንድ ብርጭቆ 30 ሚ.ሊ. ብቻ። ከ100 ሚ.ሊ. የአናናስ ጭማቂ፣ ከአንድ ሎሚ፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ የቀረፋ ሽሮፕና ከበረዶ ጋር። ይሄ ወደ 10 ግራም ነው። ሽሮፑን አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ውሃ ከሁለት እንጨት ቀረፋ ጋር አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። የ75.5%ቱን ጠርሙስ ለዚህ አትክፈቱት፤ ጣዕሙ ላይ ልዩነቱን ብዙም አታውቁትም፣ ጉበታችሁ ግን ያውቀዋል።

✅ ሩሙን በጃግ ጭማቂ ውስጥ ቀላቅላችሁ አታስቀምጡ። ማን ስንት እንደጠጣ አይታወቅም፤ ልጆችም ጭማቂ መስሏቸው ይጠጡታል።

✅ መጀመሪያ እራት፣ ከዚያ ብርጭቆ። በየመሃሉ ውሃ።

✅ ያለ ሩምም ያንኑ ሥሩ፤ ትንሽ ዝንጅብል ጨምሩበት። ለሚነዳ፣ ለነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሚያምር ብርጭቆ ይድረሰው። ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ነው «አንዷን ብቻ» የሚባለው።

✅ እሳት አትለኩሱበት። የ75.5% ሩም በቀላሉ ይነዳል፤ ነበልባል ላይ ከጠርሙስ ሲፈስ እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ሊመለስ ይችላል።

✅ ሎሚ ከጨመቃችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥርና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ዲያዜፓም፣ ትራማዶል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ የሚጥል በሽታ ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ፣ እንዲሁም የጉበት ችግር ያለባችሁ፦ ለእናንተ ያለ ሩም የተሠራው ነው።

መቼ ነው ወደ ሆስፒታል?

🚨 ሲቀሰቀስ ካልነቃ
🚨 ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከ10 ሰከንድ በላይ ከተቋረጠ
🚨 ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ
🚨 ካንቀጠቀጠው ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ

በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አልኮልን ከደም አያወጣም።

ጋሼን ባለፈው እሁድ አገኘሁት። ብርጭቆውን አንስቶ «ዶክተር፣ ይሄኛውስ ጭማቂ ነው?» አለኝ። አናናስ በዝንጅብል ነበር። አሁን ከመቅዳቴ በፊት ሁሉንም እጠይቃለሁ፦ በልታችኋል? ትነዳላችሁ? የምትወስዱት መድኃኒት አለ? እናንተም ጠይቁ። እንግዳ ተቀባይ ሰው ሲጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ቅዳሜ ማታ ለሚቀዳው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።