የፈረንጅ ውሻ ወይስ የሰፈር ቡችላ?

ልጅ ባለበት ቤት «ቡችላ ግዙልኝ» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጎረቤት አዲስ ቡችላ ያስገባ ሰሞን ነው። አባት «ለግቢ ጥበቃም ይሆነናል» ይላል፤ እናት «ማን ሊያጸዳለት ነው?» ትላለች፤ አያት ካሉ ደግሞ «ቤት ውስጥ አይግባ እንጂ ግቢ ከሆነ ግድ የለኝም» ብለው ክርክሩን ይዘጉታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ከየት እናምጣው?» የሚለው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይወስነዋል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮ ለሚኖር እንስሳ አንድ ከሰዓት ያንሳል።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ምርጫ በጥቅሉ ሁለት ነው። አንደኛው በተለምዶ «የፈረንጅ ውሻ» የምንለውን፣ ጀርመን ሼፐርድም ይሁን ሮትዋይለር ወይም ለአፓርታማ የሚሆኑትን ጸጉራም ትንንሾች፣ ከሚያረባ ሰው መግዛት ነው። ሁለተኛው «የሐበሻ ውሻ» የሚባለውን ከጎዳና ማንሣት፣ ከጎረቤት ግቢ የተወለደ ቡችላ መቀበል፣ ወይም የጎዳና ውሾችን ሰብስበው ከሚያክሙ በጎ ፈቃደኞች መውሰድ ነው። ትንንሽ የፈረንጅ ውሾችን መውደድ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ሉሉ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፎች ላይ ሳትቀር ትታያለች።

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሙያ ነውና የቡችላ ሻጮችን የቴሌግራም ማስታወቂያ ሳነብ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በአሻሻጡ ላይ ነው። «ሁለት ብቻ ቀሩ»፣ «ቀብድ ለላከ ይያዝለታል»፣ «ፒዩር ዘር»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገዢን ማስቸኮያ ናቸው፤ ጫማም ሆነ ቤት ሲሸጥ ያው ናቸው። ሦስተኛው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። ጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን መኮንን ማኅበር አቋቁሞ መዝገብ ከከፈተለት በኋላ ነው። ንጹሕ ዘር ማለት በመሠረቱ መዝገብ ማለት ነው፤ የቡችላው አባት፣ እናት፣ አያቶች በስም የተጻፉበት ወረቀት። እኛ ዘንድ ይህን የሚያሳይ ሻጭ ማግኘት ከባድ ነው። ወረቀት ከሌለ «ፒዩር» የሚለው ቃል የሚገልጸው የቡችላውን መልክ ነው፤ ለመልክ ደግሞ ያን ያህል ዋጋ መክፈል አለመክፈል የገዢው ፈንታ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬና ባለቤቷ ለሁለት ልጆቻቸው ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ጥቁርና ቡናማ ቡችላ ገዙ። ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል፣ ክትባቱንም ጨርሷል» ብሏቸዋል። በአራተኛው ቀን ቡችላው ምግብ አቆመ፤ በማግስቱ አስመለሰው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ያዘው። ክሊኒክ ሲወስዱት ሐኪሙ ፓርቮ መሆኑን ነገራቸው። ግሉኮስ ተደረገለት፣ ግን በሳምንቱ ሞተ። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ለብዙ ቀን «እኔ ነኝ ብዙ ወተት የሰጠሁት» እያለች ታለቅስ ነበር። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የፓርቮ ቫይረስ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ቡችላው የታመመው ገና ሻጩ እጅ ላይ ሳለ ነው ማለት ይቻላል። «ክትባቱን ጨርሷል» የተባለውም ሊሆን አይችልም። የቡችላ ክትባት የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ሆኖ በሦስትና በአራት ሳምንት ልዩነት እስከ አሥራ ስድስት ሳምንት ድረስ ይደጋገማል። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ጀምሯል እንጂ አልጨረሰም።

ታዲያ ከአርቢ መግዛት ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ሰፊ ግቢ ያለው፣ ሌባ ያስቸገረው፣ ውሻውን ለማሠልጠን ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚያድግና ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው አስቀድሞ የሚገመት ውሻ መፈለጉ ተገቢ ነው። ግን ከሻጭ ሳይሆን ከአርቢ ይግዛ። ልዩነቱ የሚታየው ቤቱ ድረስ ሲሄዱ ነው። እውነተኛ አርቢ እናቲቱን ያሳያል። ከሰው የምትሸሽ ወይም ጥርሷን የምታሳይ እናት ካዩ ቡችሎቿ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ነግራዎታለች። ቡችላ ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት መለየት የለበትም፤ የመናከሱን ልክ የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፣ ሌላው ሲያቃስት ማቆምን የሚለምደው እዚያ ነው። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቆች በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ስለሚታወቁ የእናትና የአባቱን አረማመድ ማየት ጥሩ ነው። የክትባት ደብተሩ ላይ የመድኃኒቱ መለያ ተለጥፎ ቀንና የሐኪም ፊርማ ሊኖርበት ይገባል። እናቲቱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትወልድም ይጠይቁ። ውሻ የምታረግዘው ወደ 63 ቀን ገደማ ነው፤ በየስድስት ወሩም ለመፀነስ ትደርሳለች። በደረሰች ቁጥር የምታስወልድ አርቢ ቤት እናቲቱ አጥንቷ ወጥቶ ያገኟታል።

አሁን ወደ ሰፈር ቡችላ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት የተነገረው ለሰው ነው እንጂ ለውሻም በትክክል ይሠራል፤ ጎዳና ላይ የምናየው ውሻ ብዙ ጊዜ ፍጹም ባለቤት አልባ አይደለም። የሥጋ ቤቱ ልጅ አጥንት ይጥልለታል፣ የሕንጻው ጥበቃ ሌሊት አብሮት ያድራል። ስለዚህ አንድ ውሻ ከመውሰድዎ በፊት አካባቢውን መጠየቅ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱ አዋቂ ውሻ ቡችላ የማይሰጠው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ጠባዩ ተለይቶ ታውቋል። ልጅ ሲያይ ጅራቱን ይቆላል ወይስ ይሸሻል? ድንጋይ ለማንሣት እንደሚያጎነብስ ሰው ሲያይ ምን ያደርጋል? (የእኛ አገር ውሻ ሁሉ ይህን እንቅስቃሴ ያውቀዋል፣ ያሳዝናል።) ሰው ጎንበስ ሲል ከመጠን በላይ የሚደነግጥ ውሻ ትንንሽ ልጆች ለሚሮጡበት ቤት ባይሆን ይመረጣል፤ ትልልቅ ልጆች ወይም ብቻውን የሚኖር ሰው ዘንድ ግን በትዕግሥት ይለወጣል።

ከሰፈር ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ ቤተሰቦች ውሻቸውን ይዘው መሄድ አልቻሉም። ሰንሰለት የለመዱ፣ ስም ሲጠሩ የሚዞሩ፣ በር ሲከፈት የሚጠብቁ ውሾች ከፈረሰ ግቢ አጠገብ ተኝተው የሚታዩት ለዚህ ነው። ውሻ ለማሳደግ ከሚያስብ ሰው አንጻር ግን እነዚህ ግማሹ ሥራ ያለቀላቸው ናቸው።

ከጎዳና በሚወሰድ ውሻ ላይ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውን ማትረፍ የማይቻል ያህል ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው፤ በሽታው አለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ቫይረሱ የገባበት ውሻ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጤነኛ መስሎ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከጎዳና የመጣ ውሻ የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መሆን አለበት። ሦስት ወር የሞላው ከሆነ የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል፣ የሆድ ትል መድኃኒት ይወስዳል፣ ቁንጫና መዥገር ይታይለታል። ከዚያም ለተወሰኑ ሳምንታት ልጆች ብቻቸውን ሳይጠጉት በአንድ ጥግ ይቆያል፤ ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይነግርዎታል።

ንክሻ ከደረሰ፣ የገዛ ቤት ውሻም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሰዓት ይያዙ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስለው በላይ ረጅም ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጉለሌ ያለው «ፓስተር» ሰፈር ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1885 የዚህን በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠው ሉዊ ፓስተር ነው፤ ወላጆቻችን «ፓስተር ሄዶ ተወጋ» ሲሉ የምንሰማውም ለዚህ ነው። የነከሰው ውሻ ደግሞ አይገደል፤ ታስሮ ለአሥር ቀን ይታይ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቀጠለ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ይህ ስጋት የጎዳና ውሻን ብቻ የሚመለከት ይመስለናል። ግን ያልተከተበ ጀርመን ሼፐርድ በር ተከፍቶ ለአምስት ደቂቃ ከወጣ ከተከተበ የሰፈር ውሻ ይልቅ አስጊ እሱ ነው። ከተማ ውስጥ መርዝ እየጣሉ ውሻ መግደልም በሽታውን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሚያጠፋው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ነገሩ ከሰውም ያልፋል። በዓለም ላይ ከእኛ አገር ሌላ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድ ጊዜ በላይ በብዛት አልቋል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ነጻ ውሻ የሚባል የለም። ጓደኛ በስጦታ የሰጠዎትም ሆነ በብዙ ሺህ ብር የገዙት ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ወጪያቸው ይቀራረባል፤ የሚለያያቸው መጠን ነው። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ የሰፈር ውሻ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነውና የሚበላውም በዚያው ልክ ነው። ለአንድ ወር የሚያስፈልገውን ምግብ ከሥጋ ቤት ጠይቀው በአሥራ ሁለት፣ ከዚያም በአሥር ያባዙት። የመግዣው ዋጋ ከዚያ ቁጥር አጠገብ ትንሽ ሆኖ ይታይዎታል። ሴት ውሻ ከሆነች ማምከኛውን ከመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ይክተቱት፤ ያለዚያ በየዓመቱ ለቡችሎች ቤት መፈለግ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ምክንያቱም በየበዓሉ አየዋለሁ። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይም ይጣበቃል፤ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ደግሞ ይወስደዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ተመሳሳይ ከረጢት ሠርቶ እስከ ቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ደህናውም ቢሆን ተቀቅሎ ይሰጥ፤ የተቀቀለ አጥንት ግን ስለሚሰነጠርና አንጀት ስለሚወጋ ይቅርበት። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትርፍራፊና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው።

እኔ በግሌ የምመርጠው? ልጆች ላሉበት፣ ግቢው መካከለኛ ለሆነ፣ ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ ቤተሰብ ከታወቀ ግቢ የተወለደ የሰፈር ቡችላን፣ ወይም ጠባዩ የታየ አዋቂ ውሻን እመርጣለሁ። ባልደረባዬም ከወራት በኋላ ከመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ውሻ የተወለደች አንዲት ነጭ ቡችላ ወስዳለች። እናቲቱን ሁላችንም እናውቃታለን፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምትቀበለን እሷ ናት። የበፊቱ ቡችላ የተኛበትን ሣጥን ጥለው ወለሉን በበረኪና ደጋግመው አጠቡት፤ የፓርቮ ቫይረስ ወራት ሊቆይ እንደሚችል ሐኪሙ ስለነገራቸው ነው። ሦስተኛው ክትባቷ ባለፈው ሐሙስ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራ ሄዳ ደብተሩን እሷ ይዛለች።