የተንጠለጠለ ታፔላና የሚሸከመው እንጨት

ወደ መንገዱ ወጥቶ የሚንጠለጠል የሱቅ ታፔላ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የሚለየው ክብደቱ ከተያዘበት ቦታ ርቆ በማረፉ ነው። የተለጠፈው ሰሌዳ ሚስማሮቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል እንጂ ብዙም አይስባቸውም። ከቋሚ ምሰሶ ወደ ውጭ በተዘረጋ አግዳሚ እንጨት ላይ የተሰቀለው ግን የላይኛውን ማሰሪያ ከእንጨቱ ነቅሎ ለማውጣት ይታገላል፤ የታችኛውን ደግሞ ወደ እንጨቱ ይገፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ታፔላ 1 ሜትር በሚረዝም አግዳሚ ጫፍ ላይ ተሰቅሏል እንበል። የክብደቱ መሃል ከቋሚው 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። አግዳሚውን ከቋሚው ጋር የሚያያይዘው ብረት ላይኛውና ታችኛው ቡሎኖቹ በ20 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 12 በ60 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 36 ይመጣል። የላይኛው ቡሎን የታፔላውን ክብደት ሦስት እጥፍ ይሳባል ማለት ነው። በቡሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ቢጠብ ስበቱ 144 ኪሎ ይደርሳል፤ ወደ 40 ቢሰፋ 18 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ቪቴ ከመፈለግ በፊት ቁመቱ ረዘም ያለ ማሰሪያ ብረት መምረጥ ይበልጥ ያዋጣል።

ሰያፍ ድጋፍ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአግዳሚው በታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚደግፍ እንጨት ቋሚውን የሚነካው 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ የላይኛው ስበት ወደ 12 ኪሎ ይወርዳል። ድጋፉ ከላይ በሚወርድ ሰንሰለት ሲሆን ግን ማዕዘኑ ወሳኝ ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ቢንጠለጠልና ሰንሰለቱ 45 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ሰንሰለቱ 17 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ሰንሰለቱ ወደ አግዳሚው ተኝቶ 15 ዲግሪ ብቻ ቢቀር ሸክሙ ከ46 ኪሎ ያልፋል። ለዓይን ያምራል ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የታሰረ ሰንሰለት የሚጎዳው ራሱን ሰንሰለቱንና ማሰሪያውን ነው።

ከክብደቱ የሚብሰው ነፋሱ ነው። የተንጠለጠለ ታፔላ ፊቱን ለመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚሰጥ፣ መንገዱን ይዞ የሚነፍስ ነፋስ ሙሉ ሰሌዳውን ያገኘዋል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቀደም ብሎ የተጠቀሰውን ሰሌዳ በባሕር ጠረፍ ከተማ በ14 ኪሎ ገደማ ክብደት ይገፋዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ ወደ 11 ኪሎ ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አቅጣጫው ግን ወደ ጎን ነው። አግዳሚውን የያዘው ብረት ጠባብ ሆኖ ግራና ቀኝ ቡሎኖቹ በ6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢራራቁ፣ ያ 11 ኪሎ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተባዝቶና ለ6 ተካፍሎ አንዱን ወገን በ110 ኪሎ ይስበዋል። ቡሎኖቹ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ብቻ የተደረደሩ ከሆነማ ይህን የጎን ጠምዛዥ ኃይል የሚመልስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በነፃነት የሚወዛወዝ ሰሌዳ ነፋስ ሲመታው ስለሚያዘነብል የሚቀበለው ግፊት ይቀንሳል። በምትኩ ሰንሰለቱን ደጋግሞ ይነጥቀዋል፤ በተለይ ከነጎድጓድ ዝናብ ቀድሞ በሚመጣው ድንገተኛ ነፋስ ጊዜ። በሁለት ቀጥ ብለው በሚወርዱ አጫጭር ሰንሰለቶች መስቀል፣ ሰሌዳው ሲወዛወዝም ቋሚውን እንዳይመታ በቂ ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ለዚህ ሥራ በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቋሚውም ማገሩም ከእርሱ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ያስቸግራል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በውፍረቱ ግን ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ሊኮማተር ይችላል። ከተቆረጠ ጥቂት ሳምንት የሆነውን የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከመሃል ተነስተው ወደ ዳር የሚሮጡ ስንጥቆችን ያገኛል። አንዱ ስንጥቅ ዳር ደርሶ በግንዱ ጎን ላይ ረጅም መስመር ይዞ ይወርዳል። በዚያ መስመር ላይ የገባ ቪቴ ጥርሱ የሚነክሰው እንጨት አያገኝም። ስለዚህ ቋሚው ከተሰነጠቀ ቡሎኑ የሚገባበት ፊት ስንጥቁ የሌለበት መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ሚስማርም እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ በአንድ በጋ ውስጥ አብዛኛውን የመያዝ አቅሙን ሊያጣ ይችላል።

አናጢዎች ዘወትር የሚፈተኑበት ሌላው ነገር የአግዳሚው ጫፍ ነው። ቋሚውን አልፎ ወደ አግዳሚው ጫፍ የገባ ሚስማር የሚቆመው በእንጨቱ ጭረቶች መካከል ስለሆነ፣ ሲሳብ እምብዛም ሳያንገራግር ይወጣል። የታፔላው ክብደት የሚስበው ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ነው። አግዳሚውን ከቋሚው ጎን አደራርቦ፣ ሁለቱንም በስቶ በሚያልፍ ቡሎን ማሰር ይህን ችግር ከሥሩ ያስወግዳል። በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ ሲገባ ዳዶው እንጨቱን ሳይበላ ይጠብቃል። ቡሎኑ ከእንጨቱ ጫፍ ቢያንስ የውፍረቱን ሰባት እጥፍ ይራቅ፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን 7 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አልፎ የሚሄድ ቡሎን የማይቻል ሆኖ በእንጨት ቪቴ ከተሠራ፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ቪቴ መጀመሪያ በትራፓኖ ወደ 7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጥርሱም በሻማ ይታሻል። ሳይበሳ በመዶሻ የተመታ ቪቴ የእንጨቱን ጭረት ስለሚቀዳድድ ከሚስማር አይሻልም።

ሱቁ የጭቃ ቤት ሲሆን ጥያቄው ቡሎኑ ምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ምርጊቱ ቋሚዎቹን ይሸፍናቸዋል። ጭድና ጭቃው ምንም ያህል ቢደርቅ ስበት አይችልም፤ ማገሩም በአንድ ሚስማር ወይም በልጥ የታሰረ ቀጭን እንጨት ነው። ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚውን አግኝቶ እስከ እርሱ ዘልቆ መግባት ግዴታ ነው። የተሸካሚው አካል ድክመት ምን እንደሚያስከትል ለንደን በ1718 አይታለች፦ ብራይድ ሌን በተባለ መንገድ ላይ አንድ ከባድ ታፔላ የቤቱን የፊት ግድግዳ ይዞ ወድቆ አራት ሰዎችን ገድሏል። በ1762 የወጣ ሕግ ተከትሎም በከተማዋ የሚንጠለጠሉ ታፔላዎች እየተነሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው መሰቀል ጀመሩ።

ታፔላውን ከአግዳሚው ጋር የሚያገናኘው ብረት መከፈት የማይችል መሆን ይኖርበታል። ክፍት መንጠቆ በመወዛወዝ ብዛት ቀስ በቀስ ይዘረጋል፤ ቀለበቱ በብየዳ የተዘጋ ወይም በዳዶ የሚቆለፍ ይመረጣል። በአግዳሚው ሆድ ላይ ወደ ላይ የተጠመዘዘ ቪቴ የሚተማመነው በጥርሱ ብቻ ነው። ከታች ገብቶ በአግዳሚው ጀርባ በሮንዴላና በዳዶ የሚታሰር ባለ ቀለበት ቡሎን ግን እንጨቱን ሳይሰብር አይወጣም። ከሰንሰለቶቹ ሌላ ላላ ብሎ የታሰረ የብረት ገመድ መጨመር አንዱ ማያያዣ ቢበጠስ ሰሌዳውን መንገደኛ ላይ ከመውደቅ ያድነዋል፤ ወጪው ትንሽ ስለሆነ ለመተው ምክንያት የለም።

ውኃ የሚሠራው በዝግታ ነው። የእንጨት ጫፍ ውኃን ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይመጥጣል፤ እርጥበቱ ከመቶ 20 በላይ ሲሰነብት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ይመቻቸዋል። የቋሚው አናት በላሜራ ቆብ ቢሸፈን፣ በአግዳሚው ጀርባ ያለው ቀዳዳም ቢደፈን ዕድሜው ይረዝማል። ቋሚው መሬት የሚነካበት ቦታ እርጥበትና አየር አብረው ስለሚያገኙት ቀድሞ የሚበሰብሰው እርሱ ነው፤ ምስጥም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጽድ በተፈጥሮው ሁለቱንም ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ግን መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ከሆነ ተራ ሚስማርንና ስስ ዚንክ የተቀባ ቡሎንን ቶሎ ስለሚበላ፣ በወፍራሙ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት መጠቀም ይገባል።

የታፔላው ታችኛው ጠርዝ ከእግረኛ መንገዱ ቢያንስ 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ ይሰቀላል። የመጀመሪያው በጋ ሲያልፍ እንጨቱ ስለሚኮማተር ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ በመሰላል ወጥቶ ማየት ይበጃል፦ ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚፋተጉበት ቦታ መሳሳቱን፣ ከማሰሪያው ሥር የዝገት ወይም የጥቁር እድፍ መስመር መውረዱን፣ በቋሚው ላይ የምስጥ የጭቃ መንገድ መውጣቱን። እንጨቱ በካቻቪቴ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ ከገባ ቡሎን ማጥበቅ አይጠቅመውም፤ ታፔላው ወርዶ እንጨቱ ይለወጣል።