ብርሃን የሚሻ ዘር፣ ጥላ የሚወድ አበባ

እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ያየ ሰው የኢምፔሸንስን ዘመድ አይቷል። ሥሩ እጅና እግር የሚያቀላው የደጋው እንሶስላና በየግቢው ጥላ ሥር ቀይ፣ ሮዝና ነጭ ሆኖ የሚደምቀው ኢምፔሸንስ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው። የግቢው አበባ የትውልድ ቦታ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አጫጭርና አበባ የሚያበዙ ዝርያዎች መነሻ ግን ክላውድ ሆፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮስታሪካ ውስጥ ያዳቀላቸው ናቸው።

ችግኙን ገዝቶ መትከል ይቀላል፤ ከዘር ማፍላት ግን ይረክሳል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፣ በአንድ ግራም ውስጥ ከሺህ በላይ ፍሬ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ አፈር ሲያለብሰው ነው። ያደገው ተክል ጥላ ቢወድም ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በተነፋ እርጥብ አፈር ላይ በትኖ በመዳፍ ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ሣጥኑን በስስ ላስቲክ ሸፍኖ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይበቅላል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አካባቢ ሣጥኑ ቤት ውስጥ ቢያድር ይሻላል።

ፈተናው ከበቀለ በኋላ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የታየ ቡቃያ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጥኖ በስብሷል። ይህ ውኃ የበዛበትና አየር ያጣ መደብ የሚያመጣው የፈንገስ በሽታ ነው። ዘሩ እንደበቀለ ላስቲኩን ማንሳት፣ ውኃውንም ሣጥኑን ከሥር በማራስ መስጠት ይረዳል። ከተዘራ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሆነው ወደ መደብ ይዛወራል።

የራስን ዘር መሰብሰብም ይቻላል፣ ፍጥነት ይጠይቃል እንጂ። የበሰለውና ያበጠው ፍሬ ጣት ሲነካው ይፈነዳል፣ ግድግዳው ተጠቅልሎ ዘሩን ዙሪያውን ይረጨዋል። በወረቀት ከረጢት መሸፈን ይበጃል። ከድቅል ዝርያ የተለቀመ ዘር ግን የእናቱን መልክ ላይደግም ይችላል።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ አውጥቶ ቅጠሉን የሚያረግፍ በሽታ በ2012 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የአሜሪካን መደቦች ባዶ አስቀርቷል። የታመመን ተክል መንቀልና ማስወገድ እንጂ ማዳን አይቻልም። ቢከንና ኢማራ የተባሉት አዳዲስ ዝርያዎች በሽታውን ስለሚቋቋሙ፣ ዘር ሲገዙ ስማቸውን ይፈልጉ።