ጫትና ብር በስክራብል ሰሌዳ ላይ

ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል በሚሠሩበት በእንግሊዝኛው ስክራብል፣ ከረጢቱ ውስጥ ካሉት 100 ጠጠሮች ኪው የተጻፈባት አንዲት ብቻ ናት፤ 10 ነጥብ ታወጣለች። ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ኪውን ያለ ዩ እምብዛም አያስኬዳትም፤ ዩ ደግሞ ያሉት አራት ናቸው። ዩ ያልደረሰው ተጫዋች ኪውን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅም እጁ ላይ የቀረችው ጠጠር ነጥብ ታስቀንስበታለች።

በዚህ ጊዜ የሚደርስለት ጫት ነው። ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብሎ ሲደረድር የእኛኑ ጫት ጽፏል፤ 12 ነጥብ። ከዚህም የሚያጥር አለ፦ ኪው እና አይ፣ «ቺ»፣ ቻይናውያን በሰው አካል ውስጥ ይዘዋወራል የሚሉት የሕይወት ኃይል። የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህ ቃል ከተፈቀደላቸው ወዲህ ኪው የድሮውን ያህል አታስፈራም።

የነጥቡ አከፋፈል በዘፈቀደ አይደለም። ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ሲፈታ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛዋ ፊደል ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ይቆጥር ነበር። ኢ 12 ጠጠር ኖሯት አንድ ነጥብ ብቻ የምታወጣው ከዚያ ቆጠራ የተነሣ ነው። «ስክራብል» የሚለው ስም የወጣለት በኋላ፣ በ1948 ነው።

ጎበዝ ተጫዋች የሚለየው ረጃጅም ቃል በማወቁ አይደለም፤ በአጫጭሮቹ ነው። አናባቢ ብቻ የታጨቀበት ሰው ሁለት ኤ አስቀምጦ ይገላገላል፤ ሻካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማለት ነው፣ ከሃዋይ የመጣ። ኤ እና አይ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ የሚኖር እጅግ ዘገምተኛ እንስሳ ነው። አናባቢ ያጣ ደግሞ ወደ ዌልስ ይሄዳል፦ «ኩም» በሲ፣ ደብሊው፣ ኤም ይጻፋል፤ በተራራ ጎን ላይ ያለ ገደላማ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። «ክሩዝ» የሚባለው የዌልስ የሙዚቃ መሣሪያም እንደ ማሲንቆ በደጋን ይመታል፤ አምስት ፊደል፣ አንድም የተለመደ አናባቢ የለው። «ዛክስ» የጣሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መቁረጫ ሲሆን በሦስት ፊደል 19 ነጥብ ያስገኛል። ፒዛን ቆርጠው «ዛ» ማለታቸው ግን ለእኔ ማጭበርበር ይመስለኛል፤ ሕጉ ይፈቅደዋል፣ ምን ይደረግ።

ትርጉሙን ማወቅ ግዴታ አይደለም። የኒው ዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር፣ የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ ይዞ ነው። እንደ እሱ ያለ ጭንቅላት ለሌለን ግን ትርጉሙ ማስታወሻ ነው፤ ታሪክ ያለው ቃል ቶሎ አይረሳም።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ቅድሚያ አለው። «ንጉሥ» በተፈቀዱት ቃላት መዝገብ አለ፤ በዚያው አጻጻፍ ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ስም የተጠራ፣ በወይን ጠጅ፣ በሙቅ ውኃ፣ በስኳርና በሎሚ የሚዘጋጅ መጠጥም አለ። «ራስ»ም አለ። ይበልጥ የሚገርመው ብር ነው፦ የአሜሪካኖቹ ዝርዝር ብዙ ቁጥሩን እንደ እኛው «ብሮች» ብሎ መዝግቦታል፣ ቢ፣ አይ፣ ሁለት አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች። ስምንት ፊደል ስለሆነ አንዱን ሰሌዳው ላይ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሰባቱንም የእጁን ጠጠር የጨረሰ ሰው ከቃሉ 15 ነጥብ ላይ 50 ይጨመርለታል።

እንዲህ ያለው ዕድል እምብዛም አይገጥምም። ጤፍ ግን ሁልጊዜ ትጠቅማለች። በአንድ ኤፍም በሁለትም መጻፍ ስለሚቻል፣ ተጋጣሚዎ በአንዱ ጽፎ ከተወው ሁለተኛውን ኤፍ ጫፉ ላይ ቀጥለው ወደ ታች የራስዎን ቃል ያወርዳሉ። ኤፍ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸውና፣ ሁለተኛው እጅዎ ላይ ካለ ያንን ቀዳዳ ማንም አይሻማዎትም፤ ማንኛውንም ፊደል የምትተካ ባዶ ጠጠር ወይም ኤስ የያዘ ሰው ካልመጣ በቀር።