ዋይፋዩ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

እንግዳ ቡናው ሳይቀርብለት «ፓስወርዱ ስንት ነው?» የሚልበት ዘመን ላይ ነን። ቃላቱ ቤታችን ገብተዋል፤ ትርጉማቸው ግን ገና ደጅ ቆሟል። ይህም ኪስ ይነካል፤ ራውተሩን ከቡፌው ማውጣት የሚበቃው ሰው ውድ ፓኬጅ ይገዛል።

ተረት 1፦ ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ነው።

እውነታው፦ ኢንተርኔቱ በመዳብ ወይም በፋይበር መስመር ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ያለችውን ጥቂት ሜትር የሚሻገር ሬዲዮ ነው። የግቢ ቧንቧን ያስቡ፤ ከዋናው መስመር ውሃ ካልመጣ ቧንቧው አዲስ መሆኑ ምን ይፈይዳል? ስልኩ ላይ ያለው ምልክት ሙሉ መሆኑም የሚናገረው ራውተሩ በደንብ መሰማቱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

ተረት 2፦ «20 ሜጋ» ያስገባ ሰው በሰከንድ 20 ሜጋባይት ያወርዳል።

እውነታው፦ የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ የፋይል መጠን ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና 20 ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ይሆናል። 1,000 ሜጋባይት የሆነ ፊልም፣ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ፣ 400 ሰከንድ ወይም ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ልጆቹ በየክፍላቸው ቪዲዮ ከከፈቱ ደግሞ ያችኑ 20 ይሻሟታል።

ተረት 3፦ ስሙ መጨረሻ ላይ «5ጂ» ያለበት ዋይፋይ የ5ኛው ትውልድ ኔትወርክ ነው።

እውነታው፦ 5ኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ነው። እዚህ ግን «5ጂ» የሬዲዮ ሞገዱን ድግግሞሽ፣ 5 ጊጋኸርዝን፣ ያመለክታል። ይህ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ዘገም ይላል፤ ሆኖም ራቅ ብሎ ይደርሳል። ጣጣው መንገዱ መጨናነቁ ነው፤ የጎረቤት ራውተርም፣ ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም ሳይቀር በዚያው ይጋፋሉ። ራውተሩ ያለበት ሳሎን ሲቀመጡ 5ን፣ ሰርቪስ ቤት ሲሆኑ 2.4ን ይምረጡ።

ተረት 4፦ ራውተር የትም ቢቀመጥ ያው ነው።

እውነታው፦ ብዙ ቤት ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ቡፌ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል፤ ዳንቴል የለበሰም አይጠፋም። ዳንቴሉ የአየር ማስገቢያውን ካልደፈነ ሞገዱን አይከለክልም። ኮንክሪት፣ ቆርቆሮና የፊት መስታወት ግን ያዳክሙታል ወይም ይመልሱታል። ከፍ ያለና ግልጥ ያለ ቦታ፣ በተቻለ መጠን የቤቱ መሃል፣ ይሻላል።

ተረት 5፦ የዋይፋዩን ስም መደበቅ ከጎረቤት ይጠብቃል።

እውነታው፦ የተደበቀ ስም በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ይገለጣል። የሚጠብቅዎ ዳብልዩፒኤ2 ወይም ዳብልዩፒኤ3 የሚባለው ምስጠራና ረዥም ፓስወርድ ነው። ፓስወርዱ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ከሆነማ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት ላፕቶፕዎን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙና ፍጥነቱን ይለኩ። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ ራውተሩን ያንቀሳቅሱ፤ ወጪ የለውም። በገመድም ከከፈሉበት ፍጥነት በጣም ካነሰ ግን ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ይችላልና አገልግሎት ሰጪው ጋ ይደውሉ። ያን ጊዜ «ዋይፋይ የለም» ሳይሆን «መስመሩ ደክሟል» ይበሉ።