ምልክት የማታሳየው የውሃ ጎሽ

በሕንድ አገር የውሃ ጎሽ ለብዙ ድሀ ቤተ ሰብ የወተት ምንጭ ናት። ነገር ግን በተለይ በሙቀት ወራት ኮርማ መፈለጓን በግልጽ አታሳይም። ጊዜው ካለፈ ጥጃውም ወተቱም ይዘገያል፤ እርሷ ግን መብላቷን አታቆምም! እርግዝናዋም ወደ 10 ወር ይፈጃል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የመራባት ዘረ መሎችን (ጂኖችን) ያጠናሉ። አንድ ዘረ መል በሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ቢገኝም በሁሉም ውስጥ አይሠራም። የት እንደሚሠራ ለማወቅ ከታረደች ጎሽ የእንቁላል ዕጢ፥ ጉበትና ልብ ጥቂት ወስደው፥ የዘረ መሉ ግልባጭ የሆነውን አርኤንኤ ይለካሉ። ለምሳሌ ኤፍ ኤስ ኤች የተባለው ሆርሞን እንቁላልን ያሳድጋል፤ የሆርሞኑን ተቀባይ የሚያስገኘው ዘረ መል በይበልጥ የሚሠራው እንቁላሉን በከበቡት ሕዋሳት ውስጥ ነው።

ሆኖም ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጥ ጎሿ ከላም ያነሰ እንቁላል ትሰጣለች፤ አንዱ ምክንያት በዕጢዋ ያለው የእንቁላል ክምችት ማነሱ ነው።